ወፍጮው ያረፈ ዕለት

የትርንጎን መርዶ የሰማሁት ገበያ መሃል ቆሜ ቲማቲም ስመርጥ ነው። ድሮ መርዶ ወግ ነበረው፤ ዘመድ አዝማድ ተጠራርቶ፣ ጎህ ሳይቀድ በር አንኳኩቶ፣ ሐዘንተኛውን ደግፎ ይዞ ነበር የሚያረዳው። አሁን የሚያረዳው ስልክ ነው። የአጎቷ ልጅ ከአገሯ ከገሳይ ደወለና «እትየ ዘውዴ፣ ትርንጎ እኮ አረፈች» አለኝ። ዓረብ አገር ታማ እንደሞተች፣ እዚያው እንደተቀበረች፣ ልቅሶው እሁድ እናቷ ቤት እንደሚሆን ነገረኝና መስመሩ ተቋረጠ። በእጄ የያዝኩትን ቲማቲም መልሼ አስቀመጥኩት። ሻጭዋ «ምነው እመቤት፣ ቲማቲሜ ምን አለው?» ብላ ተቆጣች።

ትርንጎ ዘመዴ አልነበረችም። ደብረ ታቦር ውስጥ ቤታችን ከአንድ ወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር፤ እሷ እዚያ እህል እየተቀበለች የምታስፈጭ ሠራተኛ ነበረች። አብረን የቆየነው ከአንድ ዓመት ብዙም አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ስንት ጎረቤት መጣ፣ ስንቱ ሄደ፤ የአንዳንዱን ስም እንኳ ረስቻለሁ። እሷ ግን የወፍጮ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ትመጣብኛለች። ትናፍቀኛለች ብል ያንስብኛል።

አንድ ጥያቄ ነበራት። ደጋግማ ትጠይቀኝ ነበር። ሞቷን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። እመለስበታለሁ፤ ቅድሚያ ግን ልጄን ላስተዋውቃችሁ።

ልጄ ስሙ ይታያል ነው፤ አይናገርም። ያን ጊዜ አምስት ዓመት ሞልቶት ነበር። «እማ» ብሎኝ አያውቅም። ስሙን ሲጠሩት አይዞርም፤ የከረሜላ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ግን ከሌላ ክፍል ይሰማል። የጄሪካን ክዳን መሬት ላይ እያሾረ ግማሽ ቀን ይውላል። ደስ ሲለው ሁለት እጁን ፊቱ አጠገብ ያርገበግባል፣ ሲጨንቀው ወደፊት ወደኋላ ይወዛወዛል። ይህን ሁሉ ሰው ለምዶት ነበር፣ ወይም የለመደ መስሎ ያልፍ ነበር። ያልተለመደው ጥርሱ ነው። ይታያል ጥርሱን ያፋጫል። ጓዳ ሆኜ ይሰማኛል፤ አፉ ባዶ ሆኖ ደረቅ ሽምብራ የሚቆረጥም ይመስላል። እንግዳ ቤት ገብቶ ያን ድምፅ ሲሰማ ወሬውን ያቋርጣል።

ጥርሱን የሚያፋጭ ልጅ ሆዱ ውስጥ ትል አለ ይባላል። የትል መድኃኒት አጠጣነው፤ ትሉ ከነበረ ሄዷል፣ ማፋጨቱ ግን እኛው ጋር ቀረ። ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ የባሰ ነበር። ጥርስ ማፋጨት የሚለውን ቃል እኛ አገር ሰው የሚያውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሚነበበውም ስለ መልካም ቦታ አይደለም። ልጄ መንጋጋውን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ሰው ያን ቦታ እንደሚያስብ ከዓይኑ አነብ ነበር።

አማቴ እማሆይ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። ቆብ የደፉ፣ ሲበዛ ደግ፣ ይታያልን ከእኔ ይልቅ በጀርባቸው ያዘሉ ሴት ነበሩ። ዛሬ የማን ታቦት ቀን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ እሳቸውን መጠየቅ ነው። አንድ ቀን «ልጄ፣ ይኸ ነገር ለምን በበዓል ቀን ይብስበታል?» አሉኝ። እኔም ማስተዋል ጀመርኩ። እውነታቸውን ነበር። በሚካኤል ያፋጫል፣ በማርያም ያፋጫል፣ በመድኃኔዓለም ያፋጫል፣ እሁድማ ከጠዋት እስከ ማታ ነው። በአዘቦት ቀን ግን ይሻለዋል። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? በዓል የማይወደው ማን ነው? እማሆይ የክፉውን መንፈስ ስም አይጠሩም፤ «ያ» ነው የሚሉት። እኔም አምኜ የበዓል ዋዜማን መፍራት ጀመርኩ።

ትርንጎ ከዓረብ አገር ተመልሳ ብዙም ሳትቆይ ነው ወፍጮ ቤት የገባችው። ያመጣችውን ልብስ ለመጨረስ ይሁን በእልህ፣ ጥቁር አባያ ለብሳ ዱቄት ውስጥ ትሠራ ነበር። ጠዋት ጥቁር ሆና ትገባለች፣ ለምሳ ግራጫ ሆና ትወጣለች፣ ማታ ነጭ ናት። ሰፈሩ «ዓረቧ» ይላታል። ከት ብላ ትስቃለች፣ የወፍጮውን ጩኸት በልጣ ትናገራለች፣ በየንግግሯ መሃል «አለቀ» ለማለት በዓረብኛ «ኻላስ» ትላለች። ስትሄድ በወረቀት ዘሃራ ተብላ፣ ማተቧን በመቀስ ቆርጣ ነበር። ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ማተብ ማሰር ነው፤ ያውም ጥጃ የሚታሰርበት የሚያህል ወፍራም። «ይኸን መቀስ አይደፍረውም እትየ፣ መጋዝ ካልመጣ» ትለኝ ነበር።

የተዋወቅነው ይታያል የጠፋ ዕለት ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደንበኛ እየለካሁ በሩን ገርበብ አድርጌ ትቼው ኖሯል፣ ዘወር ስል ልጁ የለም። እየጮህኩ ወጣሁ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሴቶች ከበው ቆመዋል። ይታያል ወፍጮው የቆመበትን ወፍራም እንጨት አቅፎ፣ ጉንጩን ለጥፎበት፣ ዓይኑን ጨፍኗል። አፉ ትንሽ ተከፍቷል። አንዷ «የሞተሩ ቺንጋ ይስበዋል፣ አንሱት!» ትላለች፣ ማንም ግን አይነካውም። ትርንጎ አጠገቡ ቁጢጥ ብላለች። እሷም አትነካውም፤ በቺንጋው በኩል በሰውነቷ ከልላው ዝም ብላ ታየዋለች። ፊቷ ላይ ያለው ዱቄት ላይ እንባ መንገድ አውጥቷል።

«ይኸ ልጅ ያንች ነው?» አለችኝ።

«የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አይሰማም…»

«ይሰማል። ከእኛ በላይ ነው የሚሰማ።» ተነሥታ እጇን አባያዋ ላይ ጠረገች። «የእኔም እንዲህ ነበር።»

«ልጅ አለሽ? የታለ?»

«የወለደችው ሌላ ናት። የእኔ አልነበረም እትየ፤ እኔ ግን የእሱ ነበርኩ።»

ተቀጥራ በሠራችበት ቤት የማይናገር ልጅ ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስታሳድገው የኖረች እሷ ናት። ያ ልጅ ልብስ ማጠቢያው መኪና ላይ ጉንጩን አስደግፎ ይውል ነበር አለችኝ፤ ንጹሕ ልብስ እንኳ ቢሆን ውስጥ እየከተተች ታሽከረክርለት ነበር። ከዚያ የመኖሪያ ወረቀቷ አለቀና ሸኟት። የልጁን ስም ስትጠራ ድምጿ ይቀንሳል፤ እኔም አልጽፈውም፣ የእሷ ነው።

ያን ቀን ወደ ቤት ሸኘችን። መንገድ ላይ «በበዓል ቀን ጥርሱን ያፋጫል» ብዬ ችግሬን ዘረገፍኩላት። ቆም አለች።

«ያፋጫል አትበይ፤ የቄስ ቃል ነው፣ ያስፈራል። ይፈጫል በይ። ወፍጮም ይፈጫል፣ ማን ይፈራዋል?»

ስቄ ተውኩት። ቃል በመለወጥ የሚድን በሽታ አላየሁም።

ነገሩ የገባት በሌላ ቀን ነው። ማክሰኞ ነበር፤ የሚከበር በዓል አልነበረም። ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ፣ ወፍጮው ቆመ። ትርንጎም ሥራ ስትፈታ ወደ እኛ መጣች። እሷ በበዓል ቀን ሥራ ስለማትገባ፣ በሥራ ቀን ደግሞ ይታያል ስለማይፈጭ፣ ያን ድምፅ በጆሮዋ ሰምታው አታውቅም ነበር። አሁን ልጁ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ሽምብራውን ሲቆረጥም ሰማች። እማሆይ ግራ ገብቷቸዋል። «ዛሬ እኮ በዓል አይደለም» ይላሉ፣ በጣታቸው ቀን እየቆጠሩ።

«ጋኔኑ ቀን ተሳስቶ ይሆናላ እማሆይ!» አለች ትርንጎ።

እማሆይ ሊቆጧት አፋቸውን ሲከፍቱ መብራት መጣ። ወዲያ ማዶ ሞተሩ ተነሣ፣ ግድግዳው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይታያል ግማሽ ላይ አቆመ። ተነሥቶ ሄደና ጉንጩን ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

«አያችሁ?» ትርንጎ ጮኸች። «አያችሁት? በዓል አይደለም የጠላው! በበዓል ወፍጮው ያርፋላ! ባዶ ወፍጮ ሰምታችሁ አታውቁም? እህል ሲያልቅበት ድንጋይ ለድንጋይ ነው የሚጮህ። ይኸም ድምጹ ሲያልቅበት የራሱን ይሠራል፣ ኻላስ!»

እማሆይ የጣት ቆጠራቸውን ተዉና «እሽ፣ መብራቱንስ ማን አጠፋው?» አሉ።

ባለቤቴም ማታ ሲነገረው «አንድ ቀን ምስክር አይሆንም» ብሎ ከእናቱ ጋር ቆመ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊት ማየት ፈርቼ ነበር።

ትርንጎ ወፍጮው ለምሳ ሲያርፍ እኛ ደጃፍ መቀመጥ ልማዷ ሆነ። ይታያል እጁን ሲያርገበግብ እይዘው ነበር፤ «ተይው፣ እጁ እየሳቀ ነው፤ የሚስቅ ሰው አፉ ይያዛል እንዴ?» አለችኝና ተውኩት። የነጠላ ጫፍ ሲያላምጥ ሸንኮራ አገዳ አመጣችለት። አንድ ጊዜ ደግሞ ወፍጮው እየሠራ ሳለ መፍጨት ጀመረ። ደንግጣ መጣች። «ወፍጮው እያለ ከፈጨ ይኸ ሌላ ነው፤ አንድ ነገር አሞታል» አለች። ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ የመረመረችው ነርስ በትዕግሥት እያባበለች ጆሮውን በመብራት አየችና መግል መያዙን ነገረችን። መድኃኒቱን ሲጨርስ ተወው።

ሁሉን ታውቅ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ያ የዓረቡ ልጅ ውኃ ይወድ ስለነበር ይታያልም ይወዳል ብላ በገንዳ ውኃ ቀድታ አስቀመጠችው፤ ጩኸቱ ከከተማው ውጭ ጋፋት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፣ እሷም ክንዷን ተነክሳ ተመለሰች። «ሁለቱ አንድ ልጅ አይደሉም ለካ» ስትል ሰማኋት፣ ክንዷን እያሸች። ያን ያለችበት ድምፅ ከንክሻው ይልቅ የሚያም ነበር።

ወፍጮው ባረፈ ቀን ደግሞ የምታደርገው አንድ ነገር ነበር። ይታያል መታቀፍ አይወድም። ስለዚህ አጠገቡ ትቀመጥና መንጋጋዋን ቀስ ብላ መንጋጋው ላይ ታስደግፋለች፣ ከደረቷ ጥልቅ «እምምምም» ትላለች። ትንፋሿ ሲያልቅ ታቆማለች፣ ሳብ ታደርጋለች፣ ደግሞ ትጀምራለች። መጀመሪያ ይሸሻል፤ ቆይቶ ራሱ ይጠጋል። «ሞክሪው» አለችኝ። ሞከርኩ። ልጄ ጉንጩን ጠርጎ ሄደ። ትርንጎ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለች። «ያንችማ የእጅ ወፍጮ ነው እትየ፣ ሽሮ እንኳ አይፈጭ!» ከዚያ ወዲህ እየሰፋሁ ባንጎራጎርኩ ቁጥር «የእጅ ወፍጮዋ ተነሣች» ትለኛለች።

ጥያቄዋን የምትጠይቀኝ እንዲህ ስቃ ስትጨርስ ነው።

«እትየ፣ ያስታውሰኝ ይሆን?»

ስለ ማን እንደምትል አውቃለሁ።

«ስሜን ጠርቶኝ አያውቅ። ልሄድ ሻንጣየን ስይዝ እንኳ እኔን አላየም፤ የማጠቢያ መኪናውን በር ነበር የሚያይ። ሌላ ሴት መጥታ አብልታው አልብሳው፣ እኔ እንዳልነበርኩ ሁኘ ቀርቸ ይሆን? እንደነሱ ያሉ ልጆች ልብ ውስጥ ሰው ይቀመጣል እትየ? ወይስ ዝም ብሎ ያልፋል?»

እኔንም ሌት ተቀን የሚበላኝ ከዚያ የተለየ አልነበረም። ብሞት ይታያል እናቱ እንደሞተች ያውቅ ይሆን? ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእሷም አልነገርኳትም። የጠየቀችኝ የራሴን ጥያቄ ስለሆነ ግን ላጽናናት አቃተኝ፤ «እንጃ» ብቻ እላታለሁ። እሷም ተነሥታ አባያዋን አራግፋ ወደ ወፍጮዋ ትሄዳለች።

ኅዳር ጽዮን ያን ዓመት ሰኞ ዋለች። እሁድ ወፍጮው አርፎ ነበር፣ ሰኞም አረፈ። ትርንጎ ገሳይ እናቷ ዘንድ ሄዳለች። ይታያል ያለ ማቋረጥ ፈጨ። የእጅ ወፍጮዬን ሞከርኩ፣ ገፋኝ። ሰኞ ጠዋት ትራሱ ላይ ደም አየሁ፤ ድዱ ቆስሏል፣ የአንዱ ጥርሱ ጫፍ ተሰብሯል።

የእማሆይ የማርያም ጽዋ ደግሞ ያን ቀን እኛ ቤት ነበር። ሴቶቹ ተሰብስበዋል፣ የነፍስ አባታችን ጸሎት እያደረሱ ነው፣ ልጄ ጥግ ሆኖ ያን ድምፅ ያሰማል። ጸሎቱ ከፍ ሲል የእሱም ከፍ የሚል ይመስላል። ባለቤቴ አልቻለም፤ ወጣና ከጎረቤት ገመድ ተውሶ መጥቶ በሩ ጀርባ ሰቀለው። በነጋታው ራቅ ወዳለ ጠበል ሊወስደው፣ እስኪሻለው እዚያው ታስሮ እንዲቆይ ከእናቱ ጋር ተማክረዋል። ጠበሉን አልጠላሁም፤ ያደግሁበት ነው። ገመዱን ነው የጠላሁት። እዚያ ማን ያባብለዋል? ጉንጩን የት ያስደግፋል? «እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አልኩ።

«አንች ካለሽማ ትፈችዋለሽ» አለኝ ባለቤቴ።

እውነቱን ነው፣ እፈታው ነበር።

ትርንጎ ከገሳይ እንደተመለሰች «እንኳን አደረሳችሁ» ብላ ገባች። የይታያልን አፍ አየች። በሩን ስትመልስ ገመዱን አየች።

«ይኸ ለምንድን ነው?»

«ለጠበል ነው ልጄ፣ እንዳይሮጥ» አሉ እማሆይ። እንባቸው እየመጣ ነበር።

እንደ ልማዷ አልቀለደችም። ጠላ ሲቀዳላት ሳትቀበል ወጣች። ቅር ብሏት ነው አልኩ።

ጥቂት ቆይቶ ግድግዳው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወፍጮው መጀመሪያ ባዶውን ጮኸ፣ ከዚያ እህል ገባለትና ድምጹ ለዘበ። ማንም አልተሳሳተውም። ደብረ ታቦር ውስጥ፣ በኅዳር ጽዮን፣ ወፍጮ እየፈጨ ነው! አንዲት ሴት «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። የነፍስ አባታችን ጽዋውን እንደያዙ ቀሩ። ባለቤቴ ሊያስቆማት ተነሥቶ በሩ ጋ ደረሰና እዚያው ቆመ።

ይታያል ተነሥቷል። የሴቶቹን ነጠላ እየረገጠ በመካከላቸው አለፈ፣ ጉንጩን ግድግዳው ላይ ለጠፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ። መንጋጋው ሲላላ ሁላችንም አየነው። ደም የተቀላቀለበት ለሃጭ በአገጩ ወረደ። ብዙ ሳይቆይ ቆሞ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው፤ ሲንሸራተት ባለቤቴ ሮጦ ተቀበለው።

«ማርያም ናት ያስተኛችው» አሉ እማሆይ በመጨረሻ።

ትርንጎ በሩ ላይ ቆማለች፤ አባያዋ ነጭ ሆኗል። «እኔስ ሌላ ምን አልኩ እማሆይ? ማብሪያውን ስትጫን የእኔን እጅ ተውሳ ነው እንጅ።»

ሴቶቹ አልሳቁም። የነፍስ አባታችን ግን አንገታቸውን ደፍተው ሲስቁ አይቻለሁ። ስቀው ሲያበቁ በዓል ሽራለችና ስግደት ቀኖና ሰጧት። ሰገደች። ባለቤቴ በነጋታው ገመዱን ለሰጠው ሰው መለሰ። እማሆይም ጠበሉን በጄሪካን እያስመጡ፣ ወፍጮው እየተሰማው፣ ቤት ውስጥ ያጠምቁት ጀመር።

ማርያም ተቀይማታለች ብዬ አላምንም፤ ሰው ግን ተቀየማት። በኅዳር ጽዮን ከተፈጨበት ድንጋይ ዱቄት አንወስድም እያለ ሰፈሩ እህሉን ወደ ሌላ ወፍጮ ያዞር ጀመር። «ማተቧን ቆርጣ የሄደች፣ በዓልስ ብትሽር ምን ይገርማል» ተባለ። ያን ወፍራም ማተብ ያየው ሰው አልነበረም። ባለወፍጮው አያ ሙላት ክፉ ሰው አይደለም፤ አንገቱን ደፍቶ «በአንች ላይ ምንም የለኝ፣ እህል የሚያመጣ ጠፋ እንጅ» አላት። በጥምቀት ማግስት ተመልሳ ልትሄድ ወሰነች።

«እኔ ነኝ ያስወጣሁሽ» አልኳት።

«አንችን ብየ ነው እንዴ? ያን በሶ ብየ ነው» አለችና ሳቀች። ያን ዕለት የፈጨችው ለራሷ ብላ የቆላችውን ገብስ ነበር። ሌላ ሰው አልቀመሰውም፤ ከይታያል ጋር ሲበሉት ከርመው የተረፈውን ለመንገድ ስንቅ ቋጥራዋለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ማን ያውቃል፣ ያን ልጅ አገኘው ይሆናል» አለችኝ።

መናኸሪያ ሸኘናት። ይታያል ክዳኑን በጣቱ ያሾራል። ትርንጎ ከፊቱ ቁጢጥ አለች። ጠበቀች። መኪናው ጥሩምባ ነፋ፣ አሁንም ጠበቀች። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላያትም።

«ይኸም አላየኝ» አለች ስትነሣ፣ እየሳቀች።

በነጋታው ወፍጮው በሌላ ሠራተኛ እጅ ተነሣ፤ ልጄም እንደ ወትሮው ሄዶ ጉንጩን ለጠፈ። ተናደድኩበት። ምን ዓይነት ልጅ ነው? አልኩ፤ በሕፃን ልጅ ቂም ያዝኩ። እሷ ሄዳ የጎደለችው ለእኔ ብቻ መሰለኝ።

አልፎ አልፎ ትደውል ነበር። «ይፈጫል?» ነው ሰላምታዋ። ያ ቤተሰብ ከሰፈሩ መልቀቁን፣ የት እንደገባ የሚያውቅ እንዳጣች ነገረችኝ። ስልኩን ይታያል ጆሮ ላይ አደርገዋለሁ፤ «እምምምም» ትለዋለች፤ በእጁ ይገፋዋል። «ሰማሽ፣ ደስ አለው» እላታለሁ። ውሸቴን ታውቃለች። እሱ ራሱ ያን «እምምምም» አንድ ቀን እንኳ ብሎ አያውቅም። ቆይቶ ስልኳ ጠፋ፣ ወፍጮ ቤቱም ፈርሶ ሱቅ ሆነ፣ እማሆይም ዐረፉ። ይታያል ጎረመሰ። ባሕር ዳር ያየው ሐኪም ኦቲዝም እንደሚባል ነገረን፤ ስሙን ማወቄ ደግ ነው፣ ያን ጊዜ ግን የፈለግሁት ትርንጎ ሰምታው የምትለውን ነበር። ይታያል አሁን የስፌት መኪናዬ እግር ሥር ተቀምጦ መዳፉን ብረቱ ላይ አድርጎ ይውላል። መፍጨቱንም ፈጽሞ አልተወውም፤ እኛ ነን መፍራቱን የተውነው።

እሁድ ይዤው ገሳይ ሄድኩ። ሬሳ የሌለበት ልቅሶ ነው፤ ወንበር ላይ ፎቶዋን አቁመዋል። ልቅሶ ቤት ሰው ሁሉ ይወዛወዛል። እናቷ ወደፊት ወደኋላ ትላለች፣ እህቶቿ እጃቸውን እያርገበገቡ ደረታቸውን ይደቃሉ። ይታያል ጢም አውጥቶ፣ ከሁሉ በቁመት በልጦ፣ መሃላቸው ቆሞ ይወዛወዝ ነበር፤ ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ያ ዓረብ አገር ያሳደገችው ልጅ ተገኝቶ እንደሆነ የአጎቷን ልጅ ጠየቅሁት፣ አላወቀም። ፎቶዋን ለይታያል አሳየሁት። መስተዋቱን በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገና ተወው። በልቤ ትርንጎን ይቅርታ ጠየቅኋት።

እኔ አላለቀስኩም። ከማያውቁኝ ዘመዶቿ መሃል፣ ምኗ ናት እንዳይሉኝ፣ ጥርሴን ነክሼ ዋልኩ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እንደነከስኩ ነበርኩ። ይታያልን መስኮት በኩል አስቀምጬዋለሁ፤ መኪና ሲሄድ መስተዋቱ ስለሚንቀጠቀጥ ጉንጩን ከለጠፈ ደብረ ታቦር እስክንደርስ አይነቃነቅም። መንገዱ ሲታጠፍ መንጋጋዬ መፋጨት ጀምሯል፤ እኔ ራሴ አልሰማሁትም።

እሱ ሰማው።

ጉንጩን ከመስተዋቱ አነሣ። ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኔን አላየም፣ አይቶም አያውቅም። ጎንበስ አለና መንጋጋውን መንጋጋዬ ላይ አስደገፈ። ጢሙ ወጋኝ። ከዚያ ከደረቱ ጥልቅ «እምምምም» አለ። ትንፋሹ ሲያልቅ አቆመ፣ ሳብ አደረገ፣ ደግሞ ጀመረ። ሂሳብ ሊቀበል እጁን የዘረጋው ረዳት መልሶ ሰበሰበው።

የእኔ የእጅ ወፍጮ አልነበረም። የምታቆምበት፣ ትንፋሽ የምትስብበት ሳይቀር የእሷ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ይዟት ኖሯል።

«ያስታውስሻል ትርንጎየ» አልኩ፤ ጥርሴንም ፈታሁት።